የሚጮኽና የሚነጥቅ ፍሪሲዮን፦ ምርመራውና ጥገናው በሰበቃ ፊዚክስ ዓይን

መግቢያ

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኘው ጨፋ ሮቢት ከዞኑ ዋና ከተማ ከከሚሴ ብዙም ሳትርቅ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ ከአፋር ቆላማ ቦታዎች ጭምር ከብት አርቢዎች ለግጦሽ የሚመጡበት ይህ ሜዳ፣ በክረምት ውሃና ጭቃ ይበዛበታል። እንዲህ ባለው አካባቢ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ የሚዘልቀው የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ፣ ሸቀጡን ወደ ገበያ የሚያደርሰው ነጋዴ፣ ሰው አመላልሶ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ወጣት፣ ሁሉም የሚተማመኑት በሁለት ጎማ ላይ ነው።

በዚህ አገልግሎት ውስጥ ቶሎ ከሚጎዱት የሞተር ሳይክል ክፍሎች አንዱ ፍሪሲዮን ነው። ባለንብረቱ ችግሩን ብዙውን ጊዜ የሚገልጸው በሁለት ቃላት ነው፦ «ይጮኻል» ወይም «ይነጥቃል»። የተለመደው መፍትሔ ደግሞ ሽፋኑን ፈትቶ ዲስኮቹን በሙሉ መለወጥ ነው። ጩኸቱ የመጣው ከኩሽኔታ፣ ንጠቃውም ከዘይት ወይም ከደረቀ ገመድ ከሆነ፣ የብዙ ቀን ገቢ ለአዲስ ዲስክ ወጥቶ ችግሩ ባለበት ይቀራል። ከዚህም የከፋው፣ በትክክል ያልተገጠመ ፍሪሲዮን በቁልቁለትና በጭቃ ላይ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል መቻሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አንድ ዋና ሐሳብ ነው። ጩኸትና ንጠቃ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው። ጩኸት የትኛው ክፍል እንደላላ ወይም እንዳለቀ ይናገራል፤ ንጠቃ ደግሞ በዲስኮቹ መካከል ያለው ሰበቃ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይናገራል። ሁለቱንም ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት በሙከራ መጠየቅ ይቻላል። ትኩረታችን ከኋላ ጎማ የሚመጣን ኃይል ለመቀነስ በተሠራው «ስሊፐር ክላች» ወይም ተንሸራታች ፍሪሲዮን ላይ ቢሆንም፣ አብዛኛው ትንታኔ በአካባቢው በብዛት ለሚታዩት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክሎችና ለባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ፍሪሲዮንም ያገለግላል።

የፍሪሲዮን አሠራር

በሞተር ሳይክል ላይ በብዛት የሚገኘው ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ የሚሠራ ባለ ብዙ ዲስክ ፍሪሲዮን ነው። ሁለት ከበሮዎች አሉት። ውጫዊው ከበሮ በጥርስ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ዘወትር ይዞራል። ውስጣዊው ከበሮ በማርሽ ሳጥኑ መግቢያ ዘንግ ላይ የታሰረ ነው። ባለ ሸራ ዲስኮች በውጫዊው ከበሮ ስንጥቆች ውስጥ ይገባሉ፤ የብረት ዲስኮች ደግሞ ከውስጣዊው ከበሮ ጥርሶች ጋር ይገጥማሉ። ሁለቱ ዓይነቶች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። በላያቸው ላይ መጫኛ ሰሌዳ ተቀምጦ በሞላዎች ይጨመቃል። አሽከርካሪው የግራ እጁን እጀታ ሲጨብጥ ሰሌዳው ከዲስኮቹ ይርቅና ሁለቱ ከበሮዎች ይለያያሉ።

ይህ መሣሪያ ሊያስተላልፍ የሚችለውን የማዞር ኃይል (ቶርክ) ለማስላት አራት መጠኖችን ማባዛት ይበቃል፦ የሚፋተጉት ገጾች ብዛት፣ የሰበቃ ቁጥር፣ የሞላዎቹ ጠቅላላ ኃይልና የዲስኩ አማካይ ራዲየስ። ለአብነት 5 ባለ ሸራ ዲስኮች 10 የሚፋተጉ ገጾች አሏቸው። የሰበቃ ቁጥሩ 0.12፣ የሞላዎቹ ኃይል 1000 ኒውተን፣ አማካዩ ራዲየስ 4.8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የፍሪሲዮኑ አቅም 57.6 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባለ 150 ሲሲ ሞተር 13 ኒውተን ሜትር ገደማ ቢያመነጭና በመጀመሪያው የጥርስ ቅነሳ 3.3 ጊዜ ቢባዛ፣ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚደርሰው 43 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ስለሆነም ፍሪሲዮኑ በቂ መጠባበቂያ አለው ማለት ነው።

አሁን በዘይት ምርጫ ምክንያት የሰበቃ ቁጥሩ ከ0.12 ወደ 0.08 ወረደ እንበል። አቅሙ ወደ 38.4 ኒውተን ሜትር ይወርዳል፤ ይህም ከሚያስፈልገው 43 ያነሰ ነው። ዲስኮቹ አዲስ ቢሆኑም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ከዚህ ስሌት የምንማረው፣ የፍሪሲዮን ጤንነት በሸራው ውፍረት ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው።

ስሊፐር ክላች በምን ይለያል?

አሽከርካሪው ነዳጅ መስጠት ሲያቆም ወይም ማርሽ በኃይል ሲቀንስ፣ ኃይል የሚተላለፍበት አቅጣጫ ይገለበጣል፤ የኋላ ጎማ ሞተሩን መግፋት ይጀምራል። ይህ የተገላቢጦሽ ኃይል ሲበዛ ጎማው መሬቱን መያዝ ያቅተውና ይዘላል ወይም ይንሸራተታል። ችግሩ ጎልቶ የታየው በባለ አራት ምት የውድድር ሞተር ሳይክሎች ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለውድድር የቀረበው የሆንዳ ኤንአር 500 ይህን ኃይል የሚገድብ ፍሪሲዮን ከነበራቸው ቀደምት ሞተር ሳይክሎች አንዱ ነው። ቴክኖሎጂው ዛሬ ወደ መካከለኛ ሞተር ሳይክሎች ወርዷል። ከሕንድ አምራቾች ባጃጅ በዶሚናር 400፣ ቲቪኤስም እ.ኤ.አ. በ2018 በአፓቼ አርቲአር 200 4ቪ ላይ ተጠቅመውበታል።

የስሊፐር ክላች ምሥጢር በትምህርት ቤት የምናውቀው ዘንበል ያለ ወለል ነው። ውስጣዊው ከበሮ በሁለት ክፍሎች ይሠራና፣ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዘንበል ያሉ ጥርሶች ይኖሩታል። የኋላ ጎማ ሞተሩን ሲገፋ አንዱ ክፍል በሌላው ተዳፋት ላይ ይወጣል። ሲወጣም መጫኛ ሰሌዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የሞላዎቹ ኃይል በከፊል ይሰረዝና ዲስኮቹ በልክ ይንሸራተታሉ። ለአብነት የተገላቢጦሹ የማዞር ኃይል 20 ኒውተን ሜትር፣ የጥርሶቹ ራዲየስ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ የተዳፋቱ ዘንበላ 45 ዲግሪ ቢሆን፣ በተዳፋቱ ላይ ያለውን ሰበቃ ከቁጥር ሳናስገባ ሰሌዳውን የሚገፋው ኃይል 800 ኒውተን ይደርሳል።

በብዙ ዘመናዊ ፍሪሲዮኖች ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራ ሌላ ተዳፋትም አለ። ሞተሩ ጎማውን ሲነዳ ይኸኛው ተዳፋት ሰሌዳውን ወደ ውስጥ ስቦ ዲስኮቹን አጥብቆ ይጨምቃቸዋል። «አጋዥ» የሚባለው ይህ ነው። በእርሱ ምክንያት ለስላሳ ሞላ መጠቀም ይቻላል፤ እጀታውም ለእጅ ይቀላል።

ለምን ይነጥቃል?

የሰበቃ ሕግጋት ታሪክ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ሰበቃ ከሚጫነው ክብደት ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አሳየ። ሻርል ኩሎምብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራው በቆመ ነገርና በሚንሸራተት ነገር መካከል ያለውን የሰበቃ ልዩነት፣ እንዲሁም ሁለት ገጾች ተጣብቀው በቆዩ ቁጥር ሰበቃቸው ሊያድግ እንደሚችል መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1939 ባውደንና ሌበን ሁለት ብረቶች ሲፋተጉ እንቅስቃሴው ብዙ ጊዜ ያልተቋረጠ ሳይሆን «መጣበቅና መሾለክ» እየተፈራረቁበት የሚካሄድ መሆኑን በሙከራ አሳዩ።

የሚነጥቅ ፍሪሲዮን የዚህ ክስተት ግልጽ ምሳሌ ነው። የመንሸራተቻ ሰበቃው ከመቆሚያ ሰበቃው እጅግ ያነሰ ከሆነ፣ ዲስኮቹ ይንሸራተቱና ፍጥነታቸው ሲቀራረብ በድንገት ይያዛሉ፤ ካቴናውና ዘንጉ እንደ ሞላ ይወጠራሉ፤ ከዚያ ዲስኮቹ እንደገና ያመልጣሉ። ይህ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ሞተር ሳይክሉ ሲነሳ ይርገበገባል። ድግግሞሹ ከፍ ሲል ደግሞ ንዝረቱ ለጆሮ ጩኸት ሆኖ ይሰማል። ጥሩ የሞተር ሳይክል ዘይት የሚሠራው ይህ የሰበቃ ልዩነት እንዲጠብ ነው። ዘይቱ ሲያረጅ ወይም ውሃ ሲገባበት ይህን ጠባዩን ያጣል።

አጋዥ ተዳፋት ባለው ፍሪሲዮን ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ሰበቃው ሲጨምር የሚተላለፈው የማዞር ኃይል ይጨምራል፤ ይህ ኃይል በተዳፋቱ በኩል ጭነቱን ይጨምራል፤ የጨመረው ጭነት ደግሞ ሰበቃውን እንደገና ያሳድገዋል። በቀላል አብነት እናስላው። የሞላዎቹ ኃይል 500 ኒውተን ይሁን፤ በተዳፋቱ ላይ ከሚያርፈው የዙሪያ ኃይል አንድ አምስተኛው ወደ ጭነት ይለወጥ፤ ሌሎቹ መጠኖች ከላይ እንደተሰጡት ይሁኑ። የሰበቃ ቁጥሩ 0.12 ሲሆን አቅሙ 53 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የሰበቃ ቁጥሩ ወደ 0.15 ከፍ ቢል አቅሙ ወደ 85 ይዘላል። የሰበቃ ቁጥሩ የጨመረው በ25 በመቶ ሲሆን፣ የማዞር ኃይሉ ግን በ60 በመቶ ያህል ጨምሯል። በተራ ፍሪሲዮን ላይ የማይታወቅ ትንሽ የዘይት ወይም የዲስክ ጉድለት በዚህኛው ላይ ንጠቃ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጩኸቱን በሙከራ መጠየቅ

ከዚህ በታች የቀረቡት ሙከራዎች ከጆሮና ከትዕግሥት በቀር ብዙ መሣሪያ አይጠይቁም። ሞተሩ ሞቆ፣ በዝቅተኛ ዙር (በሚኒሞ) እየሠራ፣ ሞተር ሳይክሉ በደልዳላ ቦታ ላይ መቆም አለበት።

አንደኛ ሙከራ፦ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርገን እጀታውን ሳንጨብጥ እናዳምጥ። በዚህ ሁኔታ ውጫዊው ከበሮ፣ ዲስኮቹ፣ ውስጣዊው ከበሮና የማርሽ ሳጥኑ መግቢያ ዘንግ በሙሉ አብረው ይዞራሉ። ቀጥሎ እጀታውን ጨብጠን፣ የፊት ፍሬኑን ይዘን፣ አንደኛ ማርሽ እናስገባ። አሁን የኋላ ጎማው ስለቆመ የመግቢያ ዘንጉና ውስጣዊው ከበሮም ቆመዋል፤ የሚዞረው ውጫዊው ከበሮ ብቻ ነው። ኒውትራል ላይ ሆኖ እጀታ መጨበጥ ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራም ዘይት ዘንጉን ጎትቶ ሊያዞረው ይችላልና። ውጤቱን በሦስት መክፈል ይቻላል።

ሀ) ኒውትራል ላይ የነበረው ጩኸት በሁለተኛው ሁኔታ ከጠፋ፣ ተጠርጣሪው የቆመው ክፍል ነው፤ ይኸውም የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ፣ የማርሽ ጥርሶች ወይም የላላ ውስጣዊ ከበሮ ነው።

ለ) ጩኸቱ የሚጀምረው እጀታው ሲጨበጥ ከሆነ፣ ጭነት የሚያርፍበት የመልቀቂያው ኩሽኔታ ወይም መግፊያው ዘንግ ይጠረጠራል። ደረቅ ኳኳታ ከሆነ ደግሞ ከጭነት ነፃ የወጡት ዲስኮች በተበላ ስንጥቅ ውስጥ እየተጋጩ ሊሆን ይችላል።

ሐ) ጩኸቱ በሁለቱም ሁኔታ ሳይለወጥ ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ፣ ዲስክ መለወጥ አይፈውሰውም። ውጫዊው ከበሮ የተቀመጠበት ኩሽኔታ፣ ከከበሮው ጀርባ ያሉት ትናንሽ ሞላዎችና ሪቬቶች፣ ወይም የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ይመርመሩ። ከፍሪሲዮኑ ውጪ የሆነ የሞተር ክፍልም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን ሁኔታ ለመለየት ፊዚክስ ሌላ ዘዴ ይሰጠናል። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ቢዞር በሴኮንድ 25 ዙር ማለት ነው። የጥርስ ቅነሳው 3.3 ከሆነ፣ ውጫዊው ከበሮ በሴኮንድ 7.6 ዙር ብቻ ይዞራል። የባለ አራት ምት ሞተር የቫልቭ ዘንግ (ካምሻፍት) ደግሞ በሴኮንድ 12.5 ዙር ይዞራል። ድምፁን በእጅ ስልክ ቀድቶ የሞገዱን ቅርጽ በሚያሳይ ፕሮግራም የአንድ ሴኮንድ ምቶችን መቁጠር ይቻላል። ምቱ በሴኮንድ 7 ወይም 8 ከሆነ ጣት የሚቀሰረው በከበሮው ላይ ነው። ስልክ ከሌለ ረጅም ካቻቢቴ በሽፋኑ ላይ አስደግፎ እጀታውን ወደ ጆሮ ማስጠጋት ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ያሳያል። ልብስና ጣት ከሚሽከረከር ክፍል መራቅ አለባቸው።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ሞተሩን አጥፍተን እጀታውን በዝግታ እንጨብጥና እንልቀቅ። እንቅስቃሴው ከተንቀራፈፈ ወይም ከዘለለ፣ ንጠቃው የሚመጣው ከዲስክ ሳይሆን ከደረቀ ወይም ክሩ ከተበጠሰ ገመድ (ፊሎ) ነው። በጨፋ ጭቃና አቧራ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥገናውም ርካሹ ነው። የእጀታውም ነፃ እንቅስቃሴ ይለካ። በብዙ መመሪያዎች መሠረት በእጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ከበዛ ዲስኮቹ በደንብ አይለያዩም፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባም በኃይል ይመታል። ከጠፋ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ዘወትር በከፊል እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

ሦስተኛ ሙከራ፦ ሰው በሌለበት ደልዳላ መንገድ ላይ በዝግታ እንነሳ፤ ይህን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለና ከሞቀ በኋላ እንደግመው። ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚነጥቅ ከሆነ የወፈረ ወይም የማይስማማ ዘይት ይጠረጠራል። እየሞቀ ሲሄድ የሚብስ ከሆነ የተጣመመ የብረት ዲስክ ወይም ገጹ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ሸራ ይጠበቃል።

አራተኛ ሙከራ፦ ስሊፐር ክላች ላለው ብቻ የሚደረግ ነው። ተዳፋቶቹ የሚሠሩት የኃይሉ አቅጣጫ ሲለወጥ ስለሆነ ቆሞ በማዳመጥ አይታወቁም። በደረቅ ቀጥ ያለ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሦስተኛ ማርሽ እየሄድን ነዳጅ መስጠት እናቁም፤ ከዚያም በዝግታ መልሰን እንስጥ። በእጀታው ላይ የሚሰማ ቀላል ትርታ መሣሪያው እየሠራ ለመሆኑ ምልክት እንጂ ብልሽት አይደለም። አቅጣጫው በተለወጠ ቁጥር ከባድ ምት ከተሰማ ግን የተዳፋቶቹ ገጽ መጎዳቱ ይጠረጠራል።

ሲከፈት ምን ይታያል?

ሙከራዎቹ ወደ ዲስኮቹ ወይም ወደ ተዳፋቶቹ ካመለከቱ መክፈት ይገባል። ዘይቱ ከተቀዳ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል የወጣበት ቅደም ተከተልና ፊቱ የዞረበት አቅጣጫ በፎቶግራፍ ይያዝ። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በብዙ ፍሪሲዮኖች ውስጥ ከመጨረሻው ጠባብ ባለ ሸራ ዲስክ ሥር ንዝረትን የሚያስታግስ ስስ የሞላ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ከተረሳ ወይም ፊቱ ተገልብጦ ከተገጠመ፣ ዲስኮቹ ሁሉ አዲስ ቢሆኑም ፍሪሲዮኑ ይነጥቃል።

የውጫዊው ከበሮ ስንጥቆች በጥፍር ይዳሰሱ። የዲስኮቹ ጆሮዎች እየመቱ ጎድጓዳ ምልክት ትተው ከሆነ፣ ዲስኩ ወደ ጎን በለስላሳ መንሸራተት አይችልም፤ ይያዝና በድንገት ይለቃል። ጥልቀት የሌለው ምልክት በጥሩ ሞረድ በስሱ ሊስተካከል ይችላል። ጥልቅ ከሆነ ግን መሞረድ ክፍተቱን ስለሚያሰፋ ንጠቃውን አጥፍቶ ኳኳታን ያመጣል፤ መፍትሔው ከበሮውን መለወጥ ነው።

የብረት ዲስኮች በመስተዋት ቁራጭ ላይ ተጋድመው በዙሪያቸው ያለው ክፍተት በስስ የክፍተት መለኪያ ብረቶች ይፈተሽ። የሚፈቀደውን ጥመት የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሰማያዊ ቀለም ያወጣ ብረት ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ እንደነበር ይመሰክራል። ይህ ሙቀት ከየት መጣ? ጭነቱን ጨምሮ 260 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲደርስ 4000 ጁል ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት ያገኛል፤ በመነሻው ላይ በፍሪሲዮኑ ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠውም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። የብረት ዲስኮቹ በድምሩ 0.6 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ አንዱ መነሻ ብቻ በ15 ዲግሪ ገደማ ያሞቃቸዋል። በጭቃ ውስጥ ያለ ዕረፍት አሥር ጊዜ መሞከር 150 ዲግሪ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ ጭቃ የያዘው ሞተር ሳይክል በፍሪሲዮን ከሚታገል ወርዶ መግፋት ይሻለዋል።

ባለ ሸራዎቹ ዲስኮች በበርካታ ቦታዎች በካሊፐር ይለኩ። ውፍረታቸው ከመመሪያው ወለል በታች ከሆነ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካላቸው ይለወጡ። አዲሶቹ ከመገጠማቸው በፊት ለበርካታ ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን፣ በንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ይዘፍዘፉ፤ ደረቅ ሸራ በመጀመሪያው ደቂቃ ሊቃጠል ይችላልና። ሞላዎቹ ቁመታቸው ተለክቶ አንዱ እንኳ ካጠረ ሁሉም አብረው ይለወጡ። እኩል ያልሆኑ ሞላዎች ሰሌዳውን ስለሚያዘነብሉት ዲስኮቹ በአንድ ወገን ቀድመው ይያዛሉ። ቡሎኖቹም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቁ።

የስሊፐሩን ተዳፋቶች በሚመለከት አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ገጻቸው ቢጎደጉድ ወይም ቢቆረስ በሞረድም ሆነ በአሸዋ ወረቀት መነካት የለባቸውም። ከላይ ባየነው ስሌት ውስጥ የዘንበላው ማዕዘን የመሣሪያው ማባዣ ነው። ማዕዘኑን በእጅ መለወጥ ፍሪሲዮኑ ከሚገባው በላይ እንዲጨምቅ ወይም በጭራሽ እንዳይጨምቅ ማድረግ ነው። የተጎዳ ተዳፋት የሚለወጠው ከጥንዱ ጋር ነው።

የዘይት ጉዳይ

በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚያገለግለው አንድ ዘይት ነው። ለመኪና ብቻ ከተዘጋጁ ዘይቶች አንዳንዶቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ይህ ለመኪና ጥቅም ሲሆን፣ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ግን ጉዳት ነው። በዚህ የተነሳ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1998 «ጃሶ ቲ 903» የተባለውን የሞተር ሳይክል ዘይት መለኪያ አወጡ። በዚህ መለኪያ «ኤምኤ» እና «ኤምኤ2» የሚል ምልክት ያለው ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ይስማማል፤ «ኤምቢ» የሚለው ግን ሰበቃው ዝቅተኛ ስለሆነ ለዚህ አይመረጥም። ምልክቱ በጣሳው ጀርባ ላይ ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት ማየት ይገባል።

በክረምት በተጥለቀለቀ መንገድ ያለፈ ሞተር ሳይክል ዘይቱ በመፈተሻው መስኮት ወይም በመለኪያ ዘንጉ ላይ ይታይ። ወተት የተጨመረበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና ሳይዘገይ ይለወጥ። ለንጠቃ ከሚሰጡ ሕክምናዎች ሁሉ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ትክክለኛ አዲስ ዘይት ነው፤ ዋጋው ከዲስክ ያነሰ ነው፤ ሞተሩም ከዚሁ ይጠቀማል። የወጣው አሮጌ ዘይት በመሬት ላይ አይፍሰስ። የቦርከና ውሃ የጨፋን ሣር፣ ሣሩም ከብቱን የሚመግብ በመሆኑ፣ በዕቃ ተይዞ መቀመጥ አለበት።

በቁልቁለት ላይ ያለው ትርጉም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 260 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሞተር ሳይክላችን ይህን ሲወርድ 1.5 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ዕምቅ ጉልበት ይለቃል። ይህ ከ4 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ መቶ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከዚህ ጉልበት ከፊሉን አየርና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩና ፍሬኑ መካፈል አለባቸው።

ነዳጅ ለመቆጠብ በማለት ማርሽ አውጥቶ ወይም እጀታውን ጨብጦ ቁልቁለት የሚወርድ አሽከርካሪ የሞተሩን ድርሻ ሰርዞ ሁሉንም በፍሬኑ ላይ ይጭነዋል። ስሊፐር ክላችም በዚህ ረገድ በሚገባ መታወቅ አለበት፤ የሞተሩን የመያዝ ኃይል ይገድባል እንጂ አያጠፋም። ሞላዎቹ የደከሙ ወይም ተዳፋቶቹ የተበላሹ ከሆነ ግን ገደቡ ከልክ በላይ ይወርድና ሞተሩ የሚይዘው መጠን ያንሳል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጠት ሲቆም ሞተር ሳይክሉ እንደ ወትሮው የማይያዝ ከሆነ፣ ምንም ጩኸት ባይኖርም ፍሪሲዮኑ መመርመር አለበት። በአንጻሩ ጎማው በድንገት እየተያዘ የሚዘል ከሆነ ተንሸራታቹ ክፍል መሥራት አቁሟል ማለት ነው። ሁለቱም ሳይጠገኑ ወደ ረጅም ቁልቁለት መግባት አይገባም።

ማጠቃለያ

የምርመራው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከመዘጋቱ ወደ መክፈቱ ይሂድ። መጀመሪያ ገመዱና የእጀታው ነፃ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎ ዘይቱ፣ ከዚያ የማዳመጥና የመንገድ ሙከራዎቹ፣ በመጨረሻም ሽፋኑን መክፈት። በተከፈተ ጊዜም የሚለወጠው ሙከራውና መለኪያው የመሰከሩበት ክፍል ይሁን።

ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ከላይ በተሰጠው አጋዥ ፍሪሲዮን ላይ ወደ ጭነት የሚለወጠው የዙሪያ ኃይል ከአንድ አምስተኛ ወደ ሁለት አምስተኛ ቢያድግ፣ የሰበቃ ቁጥሩም 0.12 ቢሆን፣ አቅሙ ስንት ይሆናል? የሰበቃ ቁጥሩ 0.15 ሲሆንስ ምን ይከሰታል? ሁለተኛውን ስሌት የሠራ ተማሪ፣ መካኒኩ በተዳፋቶቹ ላይ ሞረድ እንዳያሳርፍ የከለከልንበትን ምክንያት ከቁጥሩ ያነብበዋል።